ቤት የዋለ ሁሉ ሥራ ፈት ነው እንዴ?

የዛሬው ጨዋታችን ከአንድ ደብዳቤ ይጀምራል። ደብዳቤው የመጣው ከወደ ጂንካ ነው። እኔም የጂንካ ልጅ ነኝና «የሀገሬ ልጅ ምን ገጠማት?» ብዬ ከሌሎቹ አስቀድሜ ከፈትኩት። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት፣ ካገባች ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ናት። ስሟን አልጠራም፤ መሥሪያ ቤቷንም አልናገርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር ማርበርግ የሚባለው በሽታ ጂንካ ላይ መገኘቱን ሲያስታውቅ፣ የዚህች ልጅ መሥሪያ ቤት ከሠራተኛው ገሚሱን «ለጊዜው ከቤት ሆናችሁ ሥሩ፤ ስንጠራችሁ ትመጣላችሁ» አለ። እሷ ከገሚሱ ወገን ሆነች። ላፕቶፗን ይዛ ቤት ገባች። ጥሪው ግን ሳምንት አለፈው፣ ወር አለፈው፣ ከዚያም ሄደ። ሥራው አልቆመም። ሪፖርት ትሠራለች፣ ስልክ ትመልሳለች፣ ደመወዟም በወሩ ይገባል። ችግሩ የምትኖረው ከባለቤቷ እናት ጋር መሆኑ ነው። እስቲ ራሷ ትናገር፦

«አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ጠዋት ላፕቶፑን ስከፍት ‹ፊልሙ ገና አላለቀም?› ይሉኛል። ወፍጮ ቤት ይልኩኛል፣ ለቅሶ ቤት ይልኩኛል፣ ‹ቡና አፍዪልን› ይሉኛል። እንግዳ ፊት እምቢ ማለት አልችልም። ሥራዬን የምሠራው ማታ ሁሉም ሲተኛ ነው። ባለፈው ለባለቤቴ ‹ሚስትህን አባረዋታል፤ አፍራ ደብቃሃለች› ብለው ነገሩት። እሱ ምንም አላለኝም። ሌሊት ግን የተኛሁ መስሎት ስልኬን ሲበረብር አየሁት። ቢሮ መቼ እንደምንመለስ ብጠይቅ ‹ጠብቂ› ነው መልሱ። እኔ ግን እየጠበቅኩ ትዳሬ ሊፈርስ ነው። ምን ላድርግ?»

እስቲ ፍረዱ! አማትየውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ያዩትን ነው የተናገሩት። ለሳቸው ሥራ ማለት ጠዋት ለብሶ መውጣት፣ ማታ ደክሞ መግባት ነው። ልጅቱ ደግሞ አልለበሰችም፣ አልወጣችም፤ ቁጭ ብላ የምታበራ ሳጥን ታያለች። ሳጥኑን ስታይ አንዳንዴ ፈገግ ትላለች። ታዲያ ምን ይበሉ?

ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ወንዱ ቤት ሲውል «ይረፍ፣ ደክሞታል» ይባላል። ሴቷ ስትውል «እሰይ፣ እጅ ተገኘ!» ነው። ይሄ የጂንካ አመል ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም ያው ነው።

ደብዳቤውን ሳነብ ትዝ ያለኝ 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። በዚያው ወር አጋማሽ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከቤት ሆኖ ይሥራ ተባለ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መጨባበጥ ቀረ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ።

እኔ ያኔ 12ኛን ጨርሼ ጂንካ ውስጥ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ሆቴል መያዝ፣ መኪና መመደብ፣ አስጎብኚ መጥራት ነው። ደቡብ ኦሞ ላይ የቱሪስት ሥራ ካላንደሩ የገበያ ቀን ነው። ሰኞ ከሆነ ቱርሚ፣ ሐሙስ ከሆነ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ከሆነ ዲመካ ወይም እዚሁ ጂንካ፤ በመሃል ማጎ ፓርክና ሙርሲ። ኮሮና ሲገባ ፈረንጁ ድራሹ ጠፋ። መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ቆመው ጎማቸው ሥር ሣር በቀለ። አለቃዬም ላፕቶፑን አስታቅፎ ወደ ቤቴ ሰደደኝ፤ ደመወዜም ግማሽ ሆነ።

ሥራ አልነበረም እንዳትሉ! የተሰረዘ ጉዞ ከተሳካ ጉዞ የባሰ ሥራ አለው። ቀብድ የከፈለው «መልሱልኝ» ይላል፤ ሌላው «ወደ መስከረም አዛውሩልኝ» ይላል፤ ሆቴሉ «እኔ አልመልስም» ይላል፤ ሾፌሩ «የኔስ አበል?» ይላል። ሁሉም የሚደውለው ለኔ ነው። በዚያ ላይ ጂንካ መጋቢትና ሚያዝያ ዝናቧ ነው። ቆርቆሮው ሲደበደብ እንኳን የስልክ ድምፅ አጠገብሽ ያለ ሰው አይሰማም። አንዱ ደንበኛ «ፏፏቴ ሥር ነው እንዴ የምትሠሪው?» ብሎኛል። መብራቱ ይሄዳል፤ ኔትወርኩ ይከተለዋል። ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ሦስት ታናናሾቼ ደግሞ አንዷን ክፍል ኳስ ሜዳ አድርገዋታል።

ይሄ ሁሉ ግን ይቻላል። ያልተቻለው እማዬ ናት። «የኔ ልጅ፣ ዛሬም ሥራ የለሽም?» ትለኛለች፤ እኔ ስልክ ላይ ሆኜ ስከራከር! ጎረቤት ሲጠይቃት «ቢሮዋ ተዘጋ መሰለኝ፣ ምስኪን» እያለች ከንፈር ታስመጥጥልኛለች። ከዚያ ምስኪንነቴን ለማስረሳት ይመስላል፣ ሽንኩርት ታቀርብልኛለች።

መላ ያገኘሁት ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። ቅዳሜ ጂንካ ገበያ የወጣ ሰው የአሪ ሸክላ ሠሪዎችን ያውቃል። ጀበናው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ ከነሱ እጅ ነው የሚወጣው። ከሰፈራችን ዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ነበሩ። እማዬ ምጣድ ልታሠራ ላከችኝና (ይኸው ተላኩ!) ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ ሳያቸው ዋልኩ። ያለ መንኮራኩር፣ በእጅ ብቻ፣ ጭቃውን እየዞሩ ነው የሚያበጁት። ልጆች በጎናቸው ይሯሯጣሉ፣ ዶሮ ይገባል ይወጣል፣ ጎረቤት ቆሞ ያወራል። እሳቸው ግን ከጭቃው ላይ እጃቸው አይነሳም። የሚልካቸውም የለም።

«እንዴት ነው ቤት ውስጥ ሆነው ሥራ የሚሠሩት?» አልኳቸው። ጥያቄው አስገረማቸው። ሌላ የት ይሠራል? ቢሮ የላቸው፣ ከቤት ወጥተው አያውቁ፣ «ተመለሺ» የሚላቸው አለቃ የላቸው። እኛ ትናንት ጉድ ብለን ያወራነው «ከቤት ሆኖ መሥራት» ለሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ነው። (በነገራችን ላይ ሸክላ ሠሪን ዝቅ አድርጎ የማየት አመላችን ዛሬም አልለቀቀንም። በጀበናዋ ጠጥቶ እሷን መናቅ ምን የሚሉት ነው?)

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «እጄ ጭቃ እያለ ማን ይልከኛል? ብነካው ቤቱን ሁሉ አበላሻለሁ። ጀምሬ ከተውኩት ደግሞ አፉ ይደርቃል። በደረቀው ላይ እርጥብ ብትለጥፊበት፣ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል።» ገዢ ሲጠፋስ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ገዢ አልጠብቅም፤ ቅዳሜ ትመጣለች» አሉኝ።

ወዳጆቼ፣ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ይሄን የጭቃ እጅ ነው። የሳቸው ሥራ ይታያል። የኔ አይታይም። እጄ ንጹሕ ነው! እማዬ ላፕቶፕ ስታይ የምታየው ፊልም ነው፤ ስልክ ስታይ የምታየው ወሬ ነው። ታዲያ እሷ የምታከብረው ሥራ ምንድን ነው? ጽሕፈት! እማዬ ፊደል የቆጠረችው በጎልማሶች ትምህርት ነውና የሚጽፍ ሰው ፊት ድምፅ አታሰማም።

በማግስቱ ከቢሮው አንድ ትልቅ መዝገብና እስኪርቢቶ አመጣሁ። የተሰረዘውን ጉዞ ሁሉ በእጄ እመዘግብ ጀመር፤ ስም፣ ቀን፣ ቀብድ፣ መልስ። ሥራው በኮምፒዩተር ያልቅ እንደነበር አውቃለሁ። መዝገቡ ግን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ቤቱ ተለወጠ። በሁለተኛው ቀን ታናሽ ወንድሜ ኳሷን ይዞ ሲገባ እማዬ ከጓዳ «ዝም በል አንተ፣ እየጻፈች ነው!» ስትል ሰማሁ። ሳቄን ዋጥኩ። መዝገቡ ሲዘጋ ደግሞ «ጨረሽ?» ትላለች፤ ያኔ ሽንኩርቱን በደስታ እልጣለሁ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲጠፋ እንኳ፣ የያንዳንዱ ደንበኛ ነገር የት እንደደረሰ የማውቀው ከዚያ መዝገብ ነበር።

የቤቱ ጣጣ በዚህ ተቃለለ እንበል። ሌላው ጣጣ ግን መጠበቁ ነው፤ እሱ ይብሳል። ሁለት ሰዎች ላጫውታችሁ።

አንደኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በዚያው በ2012 ቤት ዋለ። ደመወዙ አልተነካም፤ እንዲያውም ዕድለኛ ነው። ባለቤቱ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ ጎበዝ ሴት ናት። ሰውየው የሚሠራው ቢያጣ ቤቱን «ይቆጣጠር» ጀመር። ስኳሩ ለምን ቶሎ አለቀ? ይሄ ሁሉ ማገዶ ለምንድን ነው? እርሾው በዛ፣ ምጣዱ ጋለ! ሴትየዋ ለኔ «ቢሮው ቶሎ በጠራልኝና ሻማ ባበራሁ» ብላኛለች። መጨረሻው ምን ሆነ? አንድ ጠዋት የእንጀራውን ሰፌድ አሸከመችውና «እስቲ ይሄን አድርሰህ ሒሳቡን ተቀበል» አለችው። መጀመሪያ ፊቱን በማስክ ሸፍኖ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ነው የሄደው፤ ሰው እንዳያየው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከምግብ ቤቱ ባለቤት ጋር በዋጋ ሲከራከር አይቼዋለሁ፤ ማስኩ ነበር፣ ኮፍያው ግን አልነበረም። ስኳር መቁጠሩንም ተወ። ለምን? አሁን የእንጀራው ትርፍ ስንት እንደሆነ አወቀዋ!

ሁለተኛው ያሳዝናል። አስጎብኚ ነበር፤ ሦስት ቋንቋ የሚናገር፣ ሐመር ስታነሺበት ዓይኑ የሚያበራ ልጅ። ድርጅቱ «ጠብቅ» አለው። ደመወዝ የለም፣ ስንብትም የለም። በዚያ በአዋጁ ጊዜ አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት ተከልክሎ ነበር። «ጠብቅ» ማለት ግን አልተከለከለም። ልጁ ለሚስቱ አልነገራትም። በየጠዋቱ ቦርሳውን ይዞ ይወጣና መሃል ከተማ ካለው የድሮው አውሮፕላን ሜዳ ዳር፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይውላል። ማታ «ዛሬ ቢሮ ብዙ ሥራ ነበር» ይላል። ያጠራቀማትን በላ፤ ከዚያ ተበደረ። «መስከረም ላይ ይከፈታል» ተባለ፤ ጠበቀ። መስከረም መጣ፣ ቱሪስት አልመጣም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሳ፤ ጭራሽ የሚመጣው ሰው ሀገሩን ፈራ። «ጥር ላይ» ተባለ፤ ደግሞ ጠበቀ። ሚስቱ የሰማችው ከአበዳሪው አፍ ነው። ያስለቀሳት ገንዘቡ አልነበረም። ሰባት ወር ሙሉ በየማታው «እንዴት ዋልክ?» ስትለው የሰጣት መልስ ነው። ደግነቱ አልተለያዩም፤ ግን እስካሁን ሥራ ቦታው ድረስ ደውላ ታረጋግጣለች ይሉኛል።

ይሄ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ቀን የሌለው ጥበቃ ነው ያሰረው። ቅዳሜ የሌለው ሸክላ ሠሪ ሆነ፤ ሠርቶም የሚሸጥበትን፣ ተስፋ ቆርጦም ሌላ የሚይዝበትን ቀን አያውቅም።

እኔ ነሐሴ 2012 ላይ አለቃዬ ጋ በእግሬ ሄድኩ። በስልክ «ጠብቂ» ማለት ቀላል ነው፤ ፊት ለፊት ግን ይከብዳል። ሁለት ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ያዝኩ፦ ግማሽ ደመወዙ እስከ መቼ ይቀጥላል? ቢሮው በዚህ ቀን ካልተከፈተ ሌላ ሥራ ብይዝ ቅር ይላችኋል? አለቃዬ ወረቀቱን ሲያይ ተቆጣ፣ «አታምኚንም ማለት ነው?» አለ። ቆይቶ ግን እውነቱን ተናገረ፤ «እስከ ጥር ነው የምችለው፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነኝ» አለ። መጥፎ ወሬ ነው፤ ግን ቀን አለው! ከዚያ ቀን ጀምሬ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ሌላ ሥራ መፈለግ ያዝኩ። እዚህ ጋዜጣ ላይ ማጻፍ የጀመርኩትም ያኔ ባየሁት የፍለጋ ጣጣ ነው፤ ዛሬም የምጽፈው ከቤት፣ ከዚያችው ጠረጴዛ ነው።

ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ፣ እህቴ። መጀመሪያ የባልሽን ነገር ጨርሺ፤ ከአማትሽ ይልቅ የሚያስፈራኝ የሌሊቷ ስልክ ናት። «ስልኬን ስትበረብር አይቼሃለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። ጠብ ይሆናል፤ እሱም ይክዳል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። የደመወዝሽን ወረቀት ወይም ከባንክ የገባልሽን መልእክት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ እያልሽ በቀን ደርድረሽ አሳዪው። «እናትህ የነገሩህን ሰምቻለሁ፤ ይኸው» በዪው። ከዚያ ለእናቱ እንዲነግር የምታደርጊው እሱን ነው። አንቺ ብትናገሪ ምራት አማቷን መለሰችላት ይባላል፤ ልጃቸው ሲናገር ግን ወሬ ነው።

አማትሽን በተመለከተ የኔን መዝገብ ቅጂው አልልሽም፤ የሳቸውን ዓይን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ምን ዓይነት ሥራ ያከብራሉ? መጻፍ ከሆነ ጻፊ። ልብስ ከሆነ ጠዋት ለብሰሽ ጫማሽን አድርጊ፤ በነጠላ ጫማ ሆነሽ ስለ ሪፖርት ብታወሪ ማንም አያምንሽም። አንድ ቀን ከአለቃሽ ጋር በስልክ ስትነጋገሪ አጠገብሽ እንዲቀመጡ አድርጊ፤ ሌላ ሰው ሥራ ሲያዝሽ ይስሙ። ወፍጮውንም ሙሉ በሙሉ እምቢ አትበዪ። «እማማ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እጄ ይለቃል፤ ያኔ እሄዳለሁ» በዪ፤ ሰዓቱ ሲደርስም ሳትጠሪ ተነሽ። ሁለት ሦስት ቀን ቃልሽን ከጠበቅሽ እሳቸውም ሰዓቱን መጠበቅ ይለምዳሉ። ለቅሶ ግን ሂጂ፤ ለቅሶ በቀጠሮ አይደለም።

ቢሮውን በስልክ መጠየቅ ተዪ። በወረቀት ጽፈሽ፣ ቀን አድርገሽበት፣ አንዱን ቅጂ «ደርሶናል» ብለው እንዲፈርሙልሽ አድርገሽ ስጪ። «መቼ እንመለሳለን?» ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፤ መልሱ ያው «ጠብቂ» ነው። «እስከዚህ ቀን ካልተጠራሁ ከቤት መሥራቴ በደብዳቤ ይረጋገጥልኝ» በዪ። ደብዳቤው ከመጣ ማኅተም ይኖረዋል። ማኅተሙን ደግሞ አማትሽ በሚያዩት ቦታ፣ ቡፌው መስታወት ላይ ለጥፊው!

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።